ላቦራቶሪው የፍየሎቹን ደም ለምን መለሰው? የአንድ ክር ውሎ

በመድረካችን ላይ ይህን ክር (የአንድ ጥያቄና የመልሶቹን ሰንሰለት) የከፈተው በአንድ ቆላማ ወረዳ የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም ንዴት ነበረበት። በሁለት ቀበሌዎች ፍየሎች በተከታታይ እየጨነገፉ ባለቤቶቹ አቤት ሲሉበት ብሩሴሎሲስ (እንስሳትን የሚያስጨነግፍ ተላላፊ በሽታ) ጠረጠረ፤ ከ46 ፍየሎች ደም ቀድቶ በአይስ ቦክስ አድርጎ ወደ ክልሉ ላቦራቶሪ ላከ። የተመለሰለት ውጤት ሳይሆን ናሙናው ለምርመራ ብቁ አይደለም የምትል አንዲት መስመር ናት። ምክንያቱን ደውሎ ሲጠይቅ ሴረሙ (ደም ሲረጋ ከላዩ የሚለየው፣ ቢጫ መሆን ያለበት ፈሳሽ) ቀይ ነው ተባለ። ደም ቀይ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው ባይ ነው ባለሙያችን፤ ላቦራቶሪው ሥራ ላለመሥራት ሰበብ ፈልጎብኛል ብሎ ደምድሞ፣ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲፈርድ ጠየቀ።

እኔ ከመድረኩ አወያዮች አንዱ ነኝ። ክሩ 33 መልስ ደርሶ ረገብ ስላለ፣ ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው በራሴ አነጋገር እተርከዋለሁ። የመልሶቹን ቁጥር አልነካሁም። ፍርዱ ግን የእኔ ነው፤ የማይስማማ ከታች ይጻፍ።

1ኛው መልስ ቢሾፍቱ ከሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተማሪ የመጣ ነው። ከሰላምታ በኋላ ማንንም ሳይወቅስ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የመርፌው ቁጥር ስንት እንደነበረ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ቱቦዎቹ የት እንደተቀመጡ፣ ደሙ ከስሪንጅ ወደ ቱቦ እንዴት እንደተገላበጠ። ይህ ልጅ ገና አልተመረቀም። ከተመረቅነው ብዙዎቻችን ግን መልስ ይዘን እንጂ ጥያቄ ይዘን አንመጣም።

2ኛው በሌላ ክልል ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ነው። ቀይ ሴረም ለምን እንደሚጣል በደንብ አስረዳ። ለብሩሴሎሲስ መጀመሪያ የሚሠራው የሮዝ ቤንጋል ምርመራ አንድ ጠብታ ሴረም በሮዝ ቀለም ከተነከረ አንቲጅን (ከራሱ ከብሩሴላ ጀርም የተዘጋጀ ፈሳሽ) ጋር ቀላቅሎ ለ4 ደቂቃ እያናወጡ በዓይን ማየት ነው፤ አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል የሚሠራው ነገር) ካለ ፈሳሹ ይቋጠርና ጥቃቅን ቅንጣቶች ይታያሉ። የደሙ ቀይ ሕዋሳት ፈንድተው ሴረሙ ራሱ ቀልቶ ከመጣ ደካማውን ቅንጣት ከዳራው መለየት ያስቸግራል። ማረጋገጫው የኮምፕሌመንት ፊክሴሽን ምርመራ ደግሞ የባሰ ነው፤ እሱ የሚነበበው የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት በመፈንዳታቸው ወይም ሳይፈነዱ በመቅረታቸው ነው። ቀድሞ የፈነዳ ደም ያለበት ሴረም እዚያ ውስጥ ሲገባ የትኛው ቅላት ከየት እንደመጣ ማን ይለየዋል? እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። መጨረሻ ላይ ግን የናሙና መመሪያ ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም የምትል መርዝ ጣል አደረገ፤ ከታች የመጣው ጠብ ሁሉ ሥሩ እሷ ናት።

በ3ኛው ክር ከፋቹ ለተማሪው መለሰ፤ ለፖሊስ ቃል እንደሚሰጥ ሰው አንድም ሳይደብቅ። መርፌው 23 ቁጥር (ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል)፣ ከዶሮ ክትባት የተረፈ ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ደም እንደገባበት ወዲያው በረዶ ላይ ተቀምጧል። ደሙ ወደ ቱቦው የገባው መርፌው ሳይነቀል፣ የጎማ ክዳኑ ላይ ተወግቶ፣ የስሪንጁ መግፊያ በኃይል ተገፍቶ ነው። ሦስቱም ደም የሚያፈነዱ ነገሮች ናቸው፤ እሱ ግን ሦስቱንም ለጥንቃቄ ብሎ እንዳደረጋቸው ጻፈ። አምነዋለሁ። የሥራ ዘመኑን በሙሉ ክትባት ከበረዶ እንዳይለይ ሲነገረው የኖረ ሰው ደምንም እንደዚያው ቢያይ አይገርምም።

4ኛው መልስ የክሩ ምሰሶ ነው። ጸሐፊው በጡረታ ላይ ያሉ፣ እዚህ መድረክ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የቀድሞ የመስክ ባለሙያ ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። ሳይቆጡ፣ እጃቸው እስኪታየን ድረስ አሳዩት። ረዳቱ ፍየሏን ከአጥር ወይም ከግድግዳ ጥግ አስጠግቶ በሁለት ጉልበቶቹ መካከል ይይዛታል፤ አገጯን ከፍ አድርጎ አንገቷን በትንሹ ወደ ጎን ያዞራል። ከልክ በላይ ከተጠመዘዘች ደም ሥሩ ይሸሻል። ቀጂው ጸጉሩን አልኮል በነካ ጥጥ ወደ አንድ አቅጣጫ አስተኝቶ፣ በአንገቷ የታችኛው ክፍል ባለው ጎድጓዳ መስመር ላይ አውራ ጣቱን ይጫናል። ከጣቱ በላይ ያለው ደም ሥር ይወጠራል። በሌላው እጅ ጣት መታ መታ ሲያደርገው ሞገዱ እስከ አውራ ጣቱ ይደርሳል፤ ያ ሞገድ ሳይሰማው መርፌ አያነሳም። ለፍየል 20 ቁጥር መርፌ፣ ለከብት 18 ቁጥር ይበቃል። መግፊያው በቀስታ ይሳባል። ደም አልመጣ ሲል አጥብቆ መሳብ ደም ሥሩን ማጣበቅና ሕዋሳቱን መጨፍለቅ ነው። ከዚያ መርፌው ከስሪንጁ ይነቀላል፣ የቱቦው ክዳን ይከፈታል፣ ደሙ በቱቦው ግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ እንዲወርድ ይደረጋል። ይህችን ዐረፍተ ነገር ጋሼ ለብቻዋ አድምቀው ጻፏት።

ቀጥለው ወደ በረዶው መጡ። ቱቦው ጥላ ሥር ዘመም ብሎ ይቀመጣል፤ በዚህ ሰዓት በረዶ አያስፈልገውም። በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ደሙ ይረጋል፤ የረጋው እየተኮማተረ ሲሄድ ከላዩ ቢጫ ፈሳሽ ይለያል። ሴንትሪፉጅ ከሌለ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል አሳድሮ ጠዋት ፈሳሹን ብቻ ወደ ሁለተኛ ቱቦ ማዞር ነው። በረዶ ሳጥን ውስጥ መግባት ያለበት ያ ሁለተኛው ቱቦ ነው። ለጥቂት ቀን ከሆነ በ4 ዲግሪ፣ ለወራት ከሆነ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይቀመጣል። ሴረም በረዶ ቢሆን አይጎዳም። ሙሉ ደም ግን አንዴ በረዶ ከሆነ ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ሴንትሪፉጅ ቢሽከረከርም የሚያወጣው ቀይ ውኃ ነው። የቆላ ሙቀትም እንዲሁ ያፈነዳል፤ በመኪና መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ የዋለ ቱቦ ከበረዶው አይሻልም።

ጋሼ ይህን ሁሉ የተማሩት ደስታ በሚባለው የከብት በሽታ (ሪንደርፔስት) ጊዜ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ በሽታው መጥፋቱን ማረጋገጥ ራሱን የቻለ ሌላ ጦርነት ሆነ፤ የጦር መሣሪያውም ሴረም ነበር። ክትባት የተሰጠው ከብትና ታሞ የዳነ ከብት በአንቲቦዲ ስለማይለዩ መጀመሪያ ክትባቱ እንዲቆም ተደረገ፤ ቀጥሎ ክትባቱ ከቆመ በኋላ የተወለዱ ጊደሮችና ወይፈኖች በጥርሳቸው ዕድሜ እየተለዩ ተቀዱ። በእነዚያ ላይ አንቲቦዲ ከተገኘ ቫይረሱ አለ ማለት ነው። አልተገኘም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ ዓለም በሙሉ ደግሞ በ2011። ጋሼ በዚያ ዘመን አንድ ቱቦ ቀይ ሴረም ይዞ የተመለሰ ሰው በሻይ ሰዓት ሲቀለድበት ይውል እንደነበር ጨምረዋል። ያን ሁሉ መንገድ በግመልና በእግር የተጓዘ ናሙና እንዴት ቢጫ ሆኖ እንደሚደርስ የተረዳሁት ከእሳቸው ነው፤ ከቅዝቃዜው ይልቅ የሚጠቅመው ሴረሙን ቀድሞ ከደሙ መለየት ነው።

5ኛው መልስ በሁለት መስመር ነገሩን አቃለለው፦ በዚህ ዘመን ስሪንጅ ምን ያደርጋል፣ ቫኪዩቴነር (አየሩ ስለወጣለት ደሙን ራሱ የሚስብ ቱቦ) ተጠቀሙ። የ6ኛውን ጽሑፍ ያነበበ ሰው የጸሐፊው ደም ሲፈላ ይታየዋል። በወረዳው መጋዘን ቫኪዩቴነር ከታየ ዓመት ማለፉን፣ ያለውም ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ክፍተቱ አልቆ ደም እንደማይስብ ጻፈ። በዚያ ላይ የቱቦው ኃይለኛ መሳብ የትንሽ ፍየልን ደም ሥር ሊያጣብቅ ይችላል፤ ይህን ግን 5ኛው አላስተባበለም፤ ከክሩም ጠፋ።

7ኛው መልስ የዋህ ነበር። ደሙ እንዳይረጋ ባለ ወይን ጠጅ ክዳን ቱቦ መጠቀም አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። 8ኛዋ በትዕግሥት አረመችው። ባለ ወይን ጠጁ ቱቦ ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ ካልሲየምን አስሮ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ለደም ሕዋሳት ቆጠራ፣ ለደም ጥገኛ ተሕዋስያንና ለፒሲአር (የተሕዋሱን ዘረመል ለሚፈልግ ምርመራ) ይሆናል። በማረጋገጫው ምርመራ ሕዋሳቱን የሚያፈነዳው ኮምፕሌመንት የተባለው የደም ፕሮቲን ግን ያለ ካልሲየምና ማግኒዚየም አይሠራም፤ ስለዚህ ለዚህ ሰው ምርመራ የሚፈለገው ምንም ያልተጨመረበት ባለ ቀይ ክዳን ነው። ባለ አረንጓዴው ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሌላ ነገር) አለበት፤ ለከብት ሳንባ ነቀርሳ የኢንተርፌሮን ጋማ ምርመራ ሕዋሳቱ በሕይወት እያሉ መድረስ ስላለባቸው እሱም በረዶ አይነካውም፤ በፒሲአር ላይ ግን ሄፓሪን እንቅፋት ይሆናል። ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ ደም እንደገባበት ስምንት ዐሥር ጊዜ በዝግታ መገልበጥ አለበት። መናጥ አይደለም። ቅቤ አናወጣበትም።

9ኛው መልስ ከዴዴሳ ሸለቆ አካባቢ ከምትሠራ ባለሙያ የመጣ ሲሆን፣ ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ቢልም ሙሉውን ላነሳው ይገባል። የምትከታተለው በሽታ ገንዲ (ትሪፓኖሶሞሲስ) ነው። ገንዲን የሚያመጣው ተሕዋስ ከከብቱ ከወጣ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መንቀሳቀሱን ያቆማል፤ በአውቶቡስ የሚላክ ናሙና ለእሷ ሥራ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ላቦራቶሪውን ይዛ ወደ ከብቱ ትሄዳለች። የጆሮውን ጠርዝ ጸጉር ላጭታ፣ አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቃ፣ ትንሿን ደም ሥር በላንሴት ነካ ታደርጋለች፤ የፈለቀውን ጠብታ በሄፓሪን የተለበጠች ቀጭን የመስታወት ቱቦ ታስነካለች፤ ደሙ ራሱ ሽቅብ ይሳባል፤ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ጫፉ በሰም ይደፈናል። ከመኪናው ጀርባ በጄኔሬተር የሚሠራ ትንሽ ሴንትሪፉጅ በደቂቃ 12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ያሽከረክረዋል። ከዚያ ቀዩ ከታች፣ ቢጫው ከላይ፣ በመካከላቸው ነጣ ያለች ስስ መስመር ትታያለች። የቀዩ ድርሻ ከ24 በመቶ በታች ከሆነ ከብቱ ደም አንሶታል። ተሕዋሱ የሚገኘው ደግሞ በነጣዋ መስመር ላይ ነው፤ ቱቦውን እዚያች ቦታ ላይ በአልማዝ ጫፍ ጫር አድርጋ ትሰብረዋለች፣ ነጣዋን ከጥቂት ቢጫ ጋር በስላይድ ላይ ትጥላለች፣ ማይክሮስኮፑን ታያለች። ተሕዋሱ ካለ ሕዋሳቱን እየገፋ ሲሮጥ ይታያል። ባለቤቱ እንዲያይ ማይክሮስኮፑን አሳልፋ እንደምትሰጠውና ከዚያ በኋላ ስለ መድኃኒቱ ዋጋ የሚከራከራት እንደሌለ ጽፋለች።

ከ10ኛው ጀምሮ ጨዋታው ወደ ባለቤቶች ዞረ። 10ኛው አንድ ገበሬ የበሬውን ደም በስሪንጅ ሲያይ የሞፈሩ ጉልበት አለቀ ብሎ ካሣ እንደጠየቀው ተረከ፤ 11ኛው በሳቅ ተቀበለው። 12ኛው በቁጥር መጣ፦ 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 17 ሊትር ገደማ ደም አለው፤ ከእሱ 10 ሚሊ ሊትር መውሰድ ከሺህ አንድ እጅ እንኳን አይሞላም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዶሮ ነው። ከክንፏ ሥር የሚቀዳው ከክብደቷ አንድ በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ለፈንግል አንቲቦዲ ምርመራ ደግሞ ከ2 ሚሊ ሊትር በላይ ማን ጠየቀ?

13ኛው ከደቡብ ኦሞ ነው፤ ያስደስተኛል። እዚያ ደም መቅዳት ከእንስሳት ሐኪም በፊት የነበረ ሙያ ነው። የከብቱን አንገት በጠፍር አስረው፣ ደም ሥሩ ሲወጠር፣ ጠልቃ እንዳትገባ ጫፏ የተገደበ ቀስት ከቅርብ ይለቁበታል፤ ደሙ በቅል ይቀዳል፣ ጠፍሩ ሲላላ ቁስሉ ይደፈናል፣ ከብቱም ወደ ግጦሹ ይሄዳል። ደሙ ምግብ ነው። ስለዚህ የዚያ አካባቢ አርብቶ አደር ስሪንጅ ሲያይ አይደነግጥም፤ ይልቅ ይህች ጥቂት ደም ለምን ትፈለጋለች፣ የት ትወሰዳለች ብሎ ይጠይቃል።

14ኛዋ ደግሞ ሳቁን አቆመችው። በገበሬ ላይ መሳቅ ቀላል ነው አለች፤ ባለፈው ዓመት ከእነዚሁ ሰዎች ደም ተወስዶ ውጤቱን ማን ነገራቸው? እሷ በምትሠራበት አካባቢ ለጥናት ደም የቀዱ ሰዎች ተመልሰው አልመጡም፤ ዘንድሮ ለወረርሽኝ ምርመራ ስትሄድ በሩ ተዘጋባት። የበሬው ጉልበት አለቀ የሚለው ሰው ስለ ሊትር እየተከራከረ አይመስላትም፤ ምንም ሳያገኝ የሰጠ ሰው ቅሬታ ነው። ከ33ቱ መልሶች ለአለቆቻችን አንድ ብቻ ምረጥና አሳይ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ውጤቱ ነጻ ነው እንኳን ቢሆን ሄዶ መንገር የናሙናው ሥራ አካል ነው፤ የነዳጅ በጀቱ ግን ለመሄጃ እንጂ ለመመለሻ አይያዝም።

15ኛው ላይ 2ኛውን መልስ የጻፈው የላቦራቶሪ ሰው ተመለሰ፤ አሁን ተቆጥቶ። የሚደርሳቸውን ዘረዘረ፦ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር በአልኮልና በበረዶ ውኃ ታጥቦ የጠፋበት ቱቦ፣ ዝርዝሩ 46 ብሎ ሳጥኑ 44 የያዘበት፣ ዝርያና ዕድሜ ያልተጻፈበት፣ አንዳንዴ ምን እንዲመረመር እንኳን ያልተጠቀሰበት ደብዳቤ። 46 የምትለዋን ቁጥር ከዚሁ ክር መውሰዱ ግልጽ ነበር። 16ኛው ክር ከፋቹ ነው፤ ቁጥሩ አልጎደለም፣ ሰውም በአደባባይ አይሰደብም ብሎ ጮኸ። 17ኛው ላቦራቶሪዎችን በሙሉ በአንድ ላይ ወቀሰ፤ ያንን ሰርዤዋለሁ። 18ኛው የእኔ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱም ዝም አሉ፣ ተማሪው በ19ኛው ጣልቃ ገባና ነገሩን ወደ ሥራ መለሰው፦ ቱቦው ላይ ፕላስተር ለጥፎ በእርሳስ መጻፍ፣ እርሳስ በአልኮል አይለቅምና። ቁጥሩ ከቱቦው ክዳን ላይ ሳይሆን ከአካሉ ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ይቀያየራል። ዝርዝሩ በፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ከሳጥኑ ውጭ ይጣበቅ። እሽጉ ሦስት ንብርብር ይኑረው፦ የማያፈስ ቱቦ፣ ፈሳሽ የሚመጥ ጥጥ ያለበት ሁለተኛ መያዣ፣ ጠንካራ ውጫዊ ሳጥን። ልጁን ለአወያይነት ሳላጨው አልቀርም።

20ኛዋ ነርስ ናት፤ ከእንስሳት ጋር ግንኙነቷ ታመው የሚመጡባት እረኞች ናቸው። የተናገረችው ከላይ ከመጀመሪያው መጻፍ ነበረበት። ፍየል የሚያስጨነግፈው ሁሉ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል፤ ብሩሴሎሲስ፣ ኪው ፊቨር፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት። ብሩሴላ ከደሙ ይልቅ በጨነገፈው ሽልና በእንግዴ ልጁ ላይ ይበዛል፤ ደም ለመቅዳት ጓንት ያደረገ ሰው እንግዴ ልጁን በባዶ እጁ ሲያነሳ አይታለች። የተጠቀሙበትን መርፌ መልሶ መክደን ጣት መውጋት ነው፤ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ መጣል አለበት። ወተቱም ሳይፈላ አይጠጣ። 21ኛው አመስግኖ ከመንገዱ ወጣና ሳይታመም ድንገት ስለሞተ፣ ከአፍንጫው የማይረጋ ደም ስለሚወጣው በሬ ጠየቀ፤ ደም በስሪንጅ ልቅዳለት ወይ አለ። 22ኛው የመለሰለት በቁጣ ነበር፣ እኔም ቁጣውን አልነካሁበትም። ይህ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ሬሳው አይከፈት፣ አይበለት፣ ሥጋውም አይበላ። ጀርሙ አየር ሲነካው ለዓመታት አፈር ውስጥ የሚቆይ ስፖር ይሠራል። በጓንት ከጆሮው ደም ሥር አንዲት ጠብታ ስላይድ ላይ ቀብቶ ማድረቅ ለምርመራ ይበቃል፤ ሬሳው ይቃጠላል ወይም በጥልቅ ይቀበራል።

23ኛውና 24ኛው ስለ መርፌ ቁጥብነት ተጋጩ። አንዱ አንድ መርፌ ለመንጋ ይበቃል፣ ድሮም እንደዚያ ነበር አለ። ሌላው የድሮው የብረት መርፌ በየመሃሉ ይቀቀል እንደነበር አስታውሶ፣ በአንድ መርፌ ገንዲንና አናፕላዝማን (ሌላ የደም ተሕዋስ) ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው እያከፋፈልክ ነው ሲል ደፈጠጠው። ጠጣር ነበር፤ እውነት ግን ነበር። አንድ እንስሳ፣ አንድ መርፌ። በጀት የለም ማለት በሽታውን ራስህ አሰራጭ ማለት አይደለም።

25ኛዋ ከጀርመን ናት። አዲስ አበባ ያለውን የእናቷን ውሻ ወደ ራሷ ለመውሰድ የደም ምርመራ ተጠይቃለች፤ ከፍየሉ ጋር ባይገናኝም አልሰረዝኩትም፣ ምክንያቱም 26ኛው በሚገባ መለሰላት። መጀመሪያ ማይክሮቺፕ ይተከላል፣ ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት ይሰጣል፤ ደሙ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ይቀዳል፤ ሴረሙ የአውሮፓ ኅብረት ወዳጸደቀው ላቦራቶሪ ይላካል፤ አንቲቦዲው በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት፤ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ሦስት ወር ይጠበቃል። የአውሮፕላን ቲኬት ቀድማ የገዛች መሆኗን ስትነግረን ሁላችንም አዘንን። በዚህ ምርመራም ቢሆን ቀይ ሴረም ይመለሳል፤ ምርመራው በሕያው ሕዋሳት ላይ ስለሚሠራ የፈነዳ ደም ይመርዛቸዋል። 27ኛው ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች እንስሳት የሚልክ ነጋዴ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲነሳ ገበያው እንዴት በአንድ ጊዜ እንደተዘጋ አስታውሶ፣ በኳራንቲን የሚቀዳ ደም የሚያሳልፈውም የሚያስቀረውም መርከብ ሙሉ ጭነት እንደሆነ ነገረን። ረጅም ቅሬታ አስከተለ፤ እዚህ አልደግመውም።

በ28ኛው ክር ከፋቹ ተመለሰ። ረጋ ብሏል። እነዚያኑ ፍየሎች እንደገና ልቅዳ ወይ ብሎ ጠየቀ። ያልጠበቅሁት መልስ ከላቦራቶሪው ሰው መጣ፣ 29ኛው። ቃናው ተለውጧል። መዘግየቱ በአንድ በኩል ጠቅሞሃል አለው፤ ፍየል በጨነገፈችበት ሰሞን አንቲቦዲው ገና ላይነሳ ይችላል፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የተቀዳ ደም የተሻለ ይናገራል። የጨነገፉትን ብቻ እንዳይቀዳ፣ ከዚያው መንጋ ጤነኛ የሚመስሉትንና አውራ ፍየሎቹን እንዲጨምር፣ ግልገሎቹን ግን እንዲተዋቸው መከረው፤ በእናት ወተት ያገኙት አንቲቦዲ ያሳስታልና። 30ኛውን የጻፈችው ያችው የ14ኛው መልስ ጸሐፊ ናት፤ እንዲህ ያለውን ምክር ላቦራቶሪው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ቢጽፈው ኖሮ ይህ ክር ባልተከፈተ ነበር ብላ ወጋችው። 31ኛው አጭር ነው፤ ብቁ አይደለም ብሎ ብቻ መመለስ ትክክል እንዳልሆነ፣ ምክንያትና ማረሚያ አብሮ መጻፍ እንዳለበት የላቦራቶሪው ሰው አመነ። የእሱ ላቦራቶሪ ባይሆንም አመነ።

በ32ኛው ከጎረቤት ወረዳ አንዲት ባለሙያ ሁለት ካርቶን ባለ ቀይ ክዳን የመስታወት ቱቦ እንዳላት፣ ጊዜያቸው ግን በዚህ ወር እንደሚያልፍ ጻፈች፤ ከፈለገ በሰኞ መኪና ትልክለታለች። ክር ከፋቹ ከመመለሱ በፊት ጋሼ በ33ኛው ደረሱ። ክዳኑ ተከፍቶ በስሪንጅ ለሚሞላ ባዶ የመስታወት ቱቦ የአየር መሳቡ ጊዜ ማለፍ ምንም እንደማያጎድል አስረድተው፣ ይልቅ 20 ቁጥር መርፌ ስንት እንዳለው ጠየቁት፤ ከ50 በታች ከሆነ እሷን አብራ እንድትጨምርለትም ለባለሙያዋ አሳሰቡ።